የጋሼ መኩሪያ ቁራ

ጋሼ መኩሪያ መሞታቸውን የነገረችኝ መሠረት ናት። ሱቄ ውስጥ ዚፕ በቀለም በቀለሙ እየለየች ነበር። ስልኳ ጠራ፤ አነሳች፣ «እሺ፣ እሺ» ብላ ዘጋችና መለየቷን ቀጠለች። ጥቁሩን ጨርሳ ቡናማው ላይ ስትደርስ ነው፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ጋሼ አረፉ» ያለችኝ። እኔ «እፎይ» አልኩ። ለሞተ ሰው የሚባል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አመለጠኝ። ዋሽቼ ደረቴን ብደቃ ግን ቀድመው የሚስቁብኝ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ሳይ ዋልኩ። ሱቄ ከራጉኤል ቁልቁል ሲወርዱ ከጨርቅ ቤቶቹ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ለልብስ ሰፊ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። በላይዋ የእንጨት ቆጥ አላት። መርካቶ ውስጥ ቆጥ ያለው ሰው ወይ ዕቃ ይከትበታል ወይ ያከራየዋል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ለጋሼ መኩሪያ አከራየው፤ እሳቸውም ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ በመሰላል አውጥተው የጀርመንኛ ትምህርት ቤት አደረጉት። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ላይ የተባለው ሁሉ እታች ይሰማል። ደብተር ሳልገዛ፣ ገበያተኛ እያስተናገድኩ፣ ዓመታት ሙሉ ጀርመንኛ ስሰማ ኖርኩ። ከጀርመንኛው ይልቅ ስድቡን ነበር በደንብ የያዝኩት።

በወጣትነታቸው የማሽን ሙያ እንዲማሩ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው ነበር። ተምረው ሲመለሱ የተማሩበት ዓይነት ማሽን እዚህ አገር አልጠበቃቸውም። ዞረው ዞረው ምናለሽ ተራ ገቡ። ያ ሰፈር የሞተ ዕቃ ሁሉ የሚፈታበት ነው፤ ፍሪጁም፣ ጄኔሬተሩም፣ የስፌት መኪናውም ብሎኑ ተለቅሞ፣ መዳቡ ተለይቶ፣ ለየብቻው ይሸጣል። ጋሼ መኩሪያ እዚያ ስማቸው የታወቀ ፈቺ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ወደ እኔ ቆጥ ወጡና ቃላት መፍታት ጀመሩ። ብዕር ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ሸሚዛቸው ላይ የምትሰካው ያቺው ካቻቢቴያቸው ናት። ሰሌዳውን የሚጠቁሙት በእሷ ነው፤ የሚያንቀላፋውን ተማሪ የሚነኩትም በእሷው።

«ጀርመን አዲስ ቃል መፍጠር አይወድም» ይሉ ነበር በመጀመሪያው ቀን። «ያለውን ይገጣጥማል። እናንተ የመርካቶ ሰዎች ናችሁ። የተገጠመ ነገር መፍታት ካቃታችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

ከዚያ ሁለት ቡጢያቸውን አጋጥመው ያሳያሉ። «ሃንትሹ። ፍታው።» አንዱን ቡጢ ይለያሉ። «ሃንት፣ እጅ።» ሌላውን ይለያሉ። «ሹ፣ ጫማ። የእጅ ጫማ። ምንድነው?» «ጓንት!» ይላል ክፍሉ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ሱቅ ወርደው፣ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋትን ቆርቆሮ አንሥተው፣ «ይህችን ጀርመኖች የጣት ባርኔጣ ነው የሚሏት» ሲሉኝ ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ነገር ስሸጥ ሌላ ስም አይመጣልኝም። እንዲህ ያለ ሰውን መጥላት እንዴት ከባድ እንደሆነ ያየሁት በእሳቸው ነው።

ተማሪዎቻቸው በብዛት ባል ወይም ሚስት ጀርመን አገር ያላቸው ናቸው። እንደዚያ ያለ ሰው ቪዛ ከመጠየቁ በፊት ትንሽ ጀርመንኛ መቻሉን ተፈትኖ ማሳየት አለበት። ስለዚህ የሱሪ ነጋዴው፣ የፀጉር ቤቷ ልጅ፣ የጭነት መኪናው ረዳት፣ ሁሉም ከሥራው ሾልኮ ከሰዓት በኋላ መሰላሉን ይወጣል። ጋሼ ደግሞ ለእያንዳንዱ ከጀርመንኛ ስም ያወጡለታል። ስሙ ሁልጊዜ የሚገጣጠመው ያ ሰው ሊደብቀው ከሚፈልገው ነገር ነው። ጀማል የሚባል ኮት ሻጭ ነበረ፤ ጨዋ ልጅ፣ ግን ቃል ከአፉ ለመውጣት ጊዜ የሚወስድበት። «ሺልትክሮተ» አሉት። «ሺልት ጋሻ፣ ክሮተ ጉርጥ። ጋሻ የለበሰ ጉርጥ፤ ኤሊ ማለት ነው። ጀማል፣ እኛ ስንመረቅ አንተ ሰላምታውን ትጨርሳለህ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ረጅም ቃል በመጣ ቁጥር የሚያነሡት ጀማልን ነው። ያቺ የፀጉር ቤት ልጅ አንድ ቀን ስታለቅስ፣ «እንባሽን ለኤርፖርት አስቀምጪው፤ እዚህ ሳንቃዬን ታበሰብሺብኛለሽ» አሏት። ሳንቃው የእኔ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ማን ይናገራቸዋል።

እኔንም አልማሩኝም። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆይተው፣ «እትዬ አበባ፣ ቢያንስ ማንኮራፋቱ ቀረልሽ» አሉኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ለቅሶ መስሎት አባበለኝ። በዚያ ሳቅ እስከ ዛሬ አዝንባቸዋለሁ።

መሠረት ወደ ቆጡ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። መሳለሚያ አካባቢ ያደገች፣ ቀልጣፋ፣ ዓይኗ የማይሰበር ሴት። ልጅ አላት፣ ሶልያና የምትባል፣ ያኔ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት። የልጅቷ አባት ገና ሳትወለድ ዞር ብሏል። መሠረት በኋላ በዘመድ በኩል ጀርመን አገር አውቶቡስ የሚነዳ ሰው አገባች። ሠርጉ እዚሁ ተደረገ፤ ሰውየው ተመለሰ። ስለ ልጅቷ ያውቃል። «መጀመሪያ አንቺ ነይ፣ ከዚያ በቅርቡ እሷን እናመጣለን» አላት። እስከዚያ ልጅቷ ከመሠረት እናት ጋር ልትቆይ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ በየቤቱ ያለ ነገር። መሠረት ስትማር ሶልያናን እኔ ዘንድ ትተዋለች፤ ልጅቷ የክር ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ባዶ ማጠንጠኛ ትደረድራለች።

አንድ ቀን ልጅቷ «እማ!» እያለች ጮኸች። ላይ ያለው ድምፅ ቆመ።

«የማን ጫጩት ነው የሚጮኸው?» አሉ ጋሼ።

«የእኔ ናት፣ ጋሼ» አለች መሠረት።

«ስትሄጂ ትወስጃታለሽ?»

«በቅርቡ አስመጣታለሁ።»

«በቅርቡ!» አሉ። ካቻቢቴዋ ሰሌዳውን ስትቧጥጥ ተሰማኝ። «ጻፉ። ባልት። በቅርቡ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ጀርመንኛ ረጃጅም ቃል አለው ይላል። ከሁሉም የሚረዝመው ይህ ነው። እኔም ድሬስደን አጠገብ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ትቼ ስመጣ ያልኳት ይህንኑ ነው። ይኸው አሁን አርባ ሊሞላት ምን ቀራት።» ይህን የተናገሩት ለምሳሌ ያህል ነው፤ ድምፃቸው ከሌላው ቀን አልተለየም። ነገሩ ሚስጥር አልነበረም፣ ምናለሽ ተራ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ሌላ ቃል ጻፉ።

«ራበንሙተር። መሠረት፣ ፍቺው።»

«ሙተር እናት ነው። ራበን አላውቅም።»

«ራበን ቁራ ነው። የቁራ እናት። የድሮ ጀርመን ገበሬ ጫካ ሲገባ የቁራ ጫጩት መሬት ላይ ወድቆ ያያል። ላባው አልጠና፣ መብረር አይችል። እናቱ ከጎጆ ገፍትራ ጣለችው አለ ገበሬው። ከዚያ ልጇን ጥላ የምትሄድ ሴት ባየ ቁጥር ይህን ስም ሰጣት። እስከ ዛሬ ይሏታል። እኛስ ቁራን መች ማርነው? ተልኮ የቀረውን ሁሉ የቁራ መልእክተኛ እንላለን። እንግዲህ መሠረት፣ ስምሽን አገኘሽ።»

ያን ቀን ማንም አልሳቀም። መሠረት ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሏል። ልጅቷን አዘለችና ሰላም ሳትለኝ ወጣች። እኔ ሌላ ቀን አትመጣም ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ከዚያ በኋላ ጋሼ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «ራበንሙተር፣ በሩን ዝጊ።» «ራበንሙተር፣ ቀጥይ።» እሷም ትዘጋለች፣ ትቀጥላለች። እልህ ይዟት እንዲህ ያጠናች ሴት አላየሁም፤ ክር እየገዛች እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ፈተናው በቀረበ ሰሞን በትምህርቱ ክፍሉን በሙሉ ቀድማ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ እንደ ልማዳቸው፣ «አዲስ ቃል የገጠመ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። የክፍሉ ደንብ ነበር፤ ያልተማሩትን ቃል ከተማሩት ቁርጥራጭ መግጠም።

«ራበንፋተር» አለች መሠረት።

እታች ቁልፍ የምትመርጥ ገበያተኛ አጠገቤ ነበረች፤ እሷ እንኳ ወደ ሳንቃው ቀና አለች። ፋተር አባት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የቁራ አባት። ጋሼ ካቻቢቴያቸውን ይወረውሩባታል ብዬ ጠበቅሁ።

«ፍቺው» አሉ።

«ራበን፣ ቁራ። ፋተር፣ አባት። ልጁን ጀርመን አገር ጥሎ መጥቶ የሰው ልጅ የሚሰድብ ሽማግሌ።»

«ሪሽቲሽ» አሉ ጋሼ። ትክክል ማለት ነው። «ቃሉ አለ፤ እኔ አላስተማርኩሽም፣ ራስሽ ገጠምሽው። ፍቺው ላይ ግን አንድ ነገር ጨምሪበት። ሰው ሲጠይቀኝ መንግሥት ተለወጠ፣ ድንበር ተዘጋ እላለሁ። ሰበብ ነው። ስልክ ነበረ።» ከዚያ ለጀማል የሚነበብ ሰጡት።

መሠረት ፈተናውን አለፈች። ቪዛው መጣ። በዚያ ሰሞን ጋሼ የተለወጡ መሰለኝ። ከትምህርት በኋላ መሰላሉን ቀስ ብለው ይወርዱና ሶልያና አጠገብ ጆንያው ላይ ይቀመጣሉ። ከረሜላ ያመጡላታል። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ያንሾካሹካሉ፤ እሷም መልሳ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ሁለት እጇን አፏ ላይ ትከድናለች። «ምስጢር ነው፤ ለእማ ስጦታ ነው» ትላለች። ያቺ የጀርመን ልጃቸው ትዝ ብላቸው ነው፣ ልባቸው ራርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ። ሻይ አዝዤላቸው አብረን ጠጣን። እንዲህ ያለ ሞኝ ነኝ።

መሠረት የምትሄድበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለስንብት ወደ ሱቁ መጣች። ሻንጣዋ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ሾፌሩ መንገዱ ጠቦት ጡሩምባ ይነፋል። አዲስ ጫማ አድርጋለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። እናቷ ልጅቷን ልትወስድ ቆማ ትጠብቃለች። መሠረት ተንበርክካ ሶልያናን አቀፈችና «በቅርቡ» አለቻት። በዚህ ጊዜ ጋሼ ከቆጡ ሲወርዱ መሰላሉ መሐል ላይ ቆሙ። ለልጅቷ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

ሶልያና ከእናቷ እቅፍ ወጣች፣ እንደ መዝሙር አቅራቢ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ «ራበንሙተር!» አለች። ከዚያ እያጨበጨበች ደገመችው። «ራበንሙተር! ራበንሙተር!» ፊቷ በደስታ ያበራል። «እማ፣ በጀርመንኛ ውድ እናቴ ማለት ነው፤ ጋሼ አስተማሩኝ!»

መሠረት ወደ መሰላሉ ቀና አለች።

«አነጋገሯ ጥሩ ነው» አሉ ጋሼ። «ከአንቺ ትሻላለች።»

መሠረት ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። አዲሱን ጫማዋን እያየች ቀረች። ልጅቷ ስጦታው ያልተወደደላት መስሏት ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ቃሉን ትላለች። እኔ፣ «ተነሺ መሲ፣ አትስሚያቸው፣ ሂጂ፣ አውሮፕላኑ ይሄድብሻል» እያልኩ ክንዷን ጎተትኩ። እናቷ ለመነቻት። ሾፌሩ ገብቶ ጮኸ። በመጨረሻ ተነሳች፣ ልጅቷን አቀፈቻትና ታክሲው ውስጥ ገባች። ሾፌሩን «ወደ መሳለሚያ መልሰኝ» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ።

ሲሄዱ ወደ ጋሼ ዞርኩ። «እርስዎ ጨካኝ ነዎት» አልኳቸው። «ሕፃን ልጅ አፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይጨምራሉ?»

«አዎ» አሉ። «እኔ የተሳፈርኩ ቀን ልጄ አጨብጭባ ነው የሸኘችኝ። እንዲህ የሚያደርግልኝ ሰው አልነበረም።»

ከዚያ ወደ ላይ ተመለሱ። ከቆጡ ላባርራቸው ቆርጬ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ሳላደርገው ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ራሴም አላውቀውም።

የመሠረት ባል መጀመሪያ በየቀኑ ደወለ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ ሌላ ሴት እንዳገባ ተሰማ። መሠረት ሥራ አልነበራትም፤ እኔ ዘንድ አስገባኋት። ሥራዋ ጥንቅቅ ያለ ነው፣ ሰው አታታልልም፣ ግን እንደ ድሮው አትስቅም። ልጇን አልጣለችም፤ ይህ እውነት ነው። ምሳዋን ትቋጥርላታለች፣ ትምህርት ቤት ታደርሳታለች፣ ልብሷን ታጥባለች። ሁሉንም የምታደርገው ግን ከንፈሯን ነክሳ ነው። ልጅቷ ውጤት ዝቅ ሲልባት፣ «ለአንቺ ብዬ ነው እዚህ ዚፕ የምለየው» ትላታለች። ስትቆጣት ድምጿ ቁርጥ የጋሼ መኩሪያን ይመስላል። ላይና ታች ሆነው ሁለቱን ስሰማ አንዳንዴ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይምታታብኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ጀማል ለዕረፍት መጣ። ያ ጋሻ የለበሰ ጉርጥ፣ ወፍሮ፣ ረጋ ብሎ፣ አሁንም ቃል እያመጠ፣ ግን ሳያፍር። ጀርመን አገር መቃብር ቦታ አትክልተኛ ሆኗል። ቸኮሌት ይዞልን መጥቶ ከእኔና ከመሠረት ጋር ሻይ ስንጠጣ ወሬው ወደ ድሮው ክፍል ሄደ። የጋሼን ስድብ አንድ በአንድ አስታወሰ። መሠረት ፈገግ አለች።

«ያንቺው ቃል እኮ ውሸት ነው» አላት ድንገት። «የምሠራበት ቦታ ዛፉ ላይ ቁራ ሞልቷል። ጫጩቱ ክንፉ ሳይጠና ራሱ ከጎጆ ይወጣል፤ ይወድቃል፣ መሬት ላይ ይንከላወሳል። አንዱን አዝኜ ላነሣ ስል አለቃዬ ተው አለኝ። እናቱ እላይ ቆማ እያየችህ ነው፣ እየተመላለሰች ታበላዋለች፣ ሰው ነው ስሟን ያጠፋው አለኝ። እኔም በዓይኔ አየሁ፤ ስታጎርሰው። ገበሬው እሱን ሳያይ ነው ስም ያወጣው።»

መሠረት የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። መሰላሉን ወጣች። ጀማልና እኔ እታች ሆነን አዳመጥን።

«ጋሼ፣ ቁራ ልጇን እንደማትጥል ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ያኔም?»

«ያኔም። ጀርመኖቹ ቃሉን ያስተማሩኝ ጊዜ ይህንንም አብረው ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለእኔ ግማሹን ብቻ ለምን?»

«ሌላው ግማሽ ለፈተናሽ አያስፈልግም ነበር።»

መሠረት ስትጮህ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሕይወቴን ነው የወሰዱት! ሄጄ አስመጣት ነበር! በአንድ ዓመት፣ በሁለት ዓመት አስመጣት ነበር!»

ጋሼ ያቺኑ «በቅርቡ»ን መለሱላት። «ባልት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ወርዳ ብርጭቆዎቹን አጠበች። ጀማል ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ቃሉ እምቢ አለው፤ እሷም እስኪመጣለት አልጠበቀችውም። እኔ ከዚህ በኋላ እሷና ጋሼ ዓይን ለዓይን አይተያዩም ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ታመሙ፣ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ቆጡ መዘጋት ግድ ሆነ። መሳለሚያ በተከራዩት ክፍል ብቻቸውን ሲተኙ ሾርባ በፔርሙስ እየያዘች የምትሄደው መሠረት ሆነች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «ማን ይውሰድላቸው?» አለችኝ። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ አየኋቸው። አንገታቸውን በእጇ ደግፋ በማንኪያ ታጠጣቸዋለች። ትኩስ ነው፣ አፋቸውን ያቃጥላል፤ አልነፋችላቸውም። እሳቸውም አላጉረመረሙም። ስንወጣ በሚታዘዛቸው የአፋቸው ጎን፣ «ራበንሙተር፣ በሩን ዝጊ» አሏት። ዘጋችው።

ድንኳኑ የተተከለው ከዚያችው ክፍል ደጃፍ ነው። ዘመድ የሚባል አልነበረም። የምናለሽ ተራ ፈቺዎች እጃቸው እንደጠቆረ መጥተዋል፤ ከድሮ ተማሪዎች እዚህ የቀሩት ጥቂቶቹ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ያለቀሰ ሰው ቢኖር መሠረት ብቻ ናት። ዜናውን ስትሰማ ዚፕ የለየችው ሴት እዚያ እንደደረስን ጉልበቷን ይዛ ታለቅስ ጀመር። እንዲህ ታለቅሳለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ እኔም እንባዬ መጣ። ለእሳቸው ይሁን ለእሷ አላውቅም።

ንፍሮ የምታዞር የዕድሩ ሴት አጠገባችን ቆመች። «አባቷ ናቸው?» ብላ ሶልያናን ጠየቀቻት። ሶልያና አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ከእናቷ ራስ ላይ ለመድረስ ጥቂት ነው የቀራት። የክፍሏ ልጆች ስለ ውጭ አገር ሲያወሩ ስትሰማ ውላ ነው የምትመጣው፤ የዚያን ቀን ታክሲ ታሪክም አያቷ ነግራታለች።

«ኧረ አባቷ አይደለም፤ የቋንቋ አስተማሪዋ ነበር» አለች፣ አንቱታውን ትታ። «ይህ ሰውዬ ባይኖር ኖሮ እኮ እኔና እማ ዛሬ ጀርመን አገር ነበርን።»

ሴትየዋ ደንግጣ ሰሃኗን ይዛ ቀረች። እኔ ልጅቷን ልቆጣ ነበር፤ መሠረት ቀደመችኝ። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሳች። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ግን ረግቷል።

«ጀርመን የምሆነው እኔ ብቻ ነበርኩ» አለቻት። «አንቺ እዚሁ ነበርሽ።»